ምዕራፍ ሰባት፦ አንዱ ክትባትና ልዩ ልዩው የሰው ባሕርይ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የዐዋጅ ጾምና የንስሐ ቀኖና እየራሳቸው ስፍራ አላቸው። የዐዋጁ ጾም ሰባት ዓመት የሞላውን ምእመን ሁሉ፣ ደዌ ካልያዘው በቀር፣ በአንድ ቀንና በአንድ ልክ የሚያዝ ሲሆን፣ ቀኖናው ግን የንስሐ አባት የልጁን ዕድሜ፣ ጤናና ጕልበት ከመረመረ በኋላ፣ ለአንዱ ስግደቱን ለሌላው ምጽዋቱን እያበዛ ወይም እያሳነሰ የሚሰጠው ነው። ክትባት ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከኤድዋርድ ጄነር ዘመን፣ ማለት ከ1796 ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ የኖረው በዐዋጁ ሥርዐት ነው፤ አንድ ዐይነት መድኃኒት፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ የቀጠሮ ሠንጠረዥ፣ ለቀጭኑም ለወፍራሙም፣ ለወንዱም ለሴቷም ይሰጣል። ይህንም ሥርዐት ማቃለል አይገባም፤ ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ ያጠፋው፣ በአገራችንም የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1976 በኦጋዴን ከተገኘ ወዲህ ያ በሽታ ለልጆቻችን የታሪክ ነገር ሆኖ እንዲቀር ያደረገው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ለሁሉ አንድ ሲሆን፣ ዐዋጁን የሚቀበለው ሥጋ ለሁሉ አንድ አይደለም፤ ከተከተቡት መካከል መድኃኒቱ እንዳልነካቸው ሆነው የሚቀሩ ጥቂቶች አሉ፣ ከእነዚህም እጅግ ያነሱ፣ መድኃኒቱ ራሱ የሚጐዳቸው ሌሎች አሉ። እነዚህን ሁለት ወገኖች አስቀድሞ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ባሕርዩ መመጠን ይቻል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ለረጅም ዘመን ሲመራመሩ ኖረዋል፤ ምን ያህል እንደ ተራመዱና፣ በእኔ አስተያየት፣ መንገዱ ወዴት እንደሚያዘነብል በዚህ ምዕራፍ እንመለከታለን።

አስቀድሞ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ክትባት በክንድ ሥጋ ውስጥ ሲገባ፣ በዚያ ያሉ ሕዋሳት የተሕዋሲውን ቍራጭ አንሥተው ወደ ንፍፊት ይወስዱና፣ ኤች ኤል ኤ በሚባሉ፣ በገጻቸው ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች ላይ አኑረው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱም ያዩትን እንግዳ ለይተው ሲያውቁ፣ ከፊሎቹ ራሳቸው ለውጊያ ይነሣሉ፣ ከፊሎቹም ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መከላከያ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያነቃሉ። እነዚህን የማሳያ ፕሮቲኖች የሚያበጁት ዘረ መሎች በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ከሰው ዘረ መሎች ሁሉ ይልቅ ከሰው ሰው የሚለያዩት እነርሱ ናቸው፤ እኩሌታውን ከአባት፣ እኩሌታውን ከእናት ስለምንወርስ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ አይመሳሰሉባቸውም። ስለዚህ አንዱ ሰው ከክትባቱ አንሥቶ የሚያሳየው ቍራጭ ሌላው ከሚያሳየው ይለያል፤ አንዳንዱም አጕልቶ የሚያሳየው ቍራጭ ያጣል። በዚህ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አመጋገብ፣ ቀድሞ የታመሙት በሽታ፣ በአንጀት የሚኖሩት ረቂቃን ፍጥረታት ሳይቀሩ የየበኩላቸውን ይጨምራሉ።

ጥያቄውን ወደ ገሃድ ያወጣው ኩፍኝ ነው። ከ1989 እስከ 1991 በአሜሪካ በተነሣው ወረርሽኝ ከ55,000 የሚበልጡ ሰዎች ታመው ከ120 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ ያልተከተቡ ሕፃናት ነበሩ፤ ነገር ግን በወጉ የተከተቡም አብረዋቸው ታመው ተገኙ። በሚኒሶታ በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ግሪጎሪ ፖላንድ የተነሣበት ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተከተቡት መቶ ሰዎች ሰባት ያህሉ ከኩፍኝ አይጠበቁም፤ ሰባቱ እነማን ናቸው? ለምንስ እነርሱ ሆኑ? ፖላንድና ባልደረቦቹ ፍጹም የሚመሳሰሉትን መንትዮችና እንደ ማናቸውም ወንድማማች የሚለያዩትን መንትዮች አነጻጽረው በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ለኩፍኝ ክትባት በሚሰጠው መልስ ከሰው ሰው ከሚታየው ልዩነት 88.5 በመቶው በዘር የሚወረስ መሆኑን ገለጡ፤ በዚያው መርፌ አብሮ ለሚሰጠው ለጆሮ ደግፍ ክትባት 39 በመቶ ያህል፣ ለሩቤላ 46 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ፖላንድም የክትባትን መልስ ከዘረ መል ጋር አያይዞ የሚመረምረውን ጥናት ቫክሲኖሚክስ፣ የክትባትን ጕዳት በዚያው መንገድ የሚመረምረውን አድቨርሶሚክስ ብሎ ሰየመ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ይህ 88.5 በመቶ የማኅበሩን ልዩነት የሚተረጕም ቍጥር እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ የሚናገር ቃል አይደለም፤ የእገሌ ደም ተመርምሮ ክትባቱ ይይዘዋል ወይም አይይዘውም ለማለት አያበቃም። የአሜሪካም የጤና ሹማምንት ሰባቱን ለይተው እስኪያገኙ ድረስ አልጠበቁም፤ ገና በ1989 ለልጅ ሁሉ ሁለተኛ መርፌ እንዲጨመር መከሩ፤ ሁለቱን ከወሰዱት መቶ ሰዎችም የማይጠበቁት ከሰባት ወደ ሦስት ዝቅ አሉ። ዐዋጁ በሌላ ዐዋጅ ታረመ እንጂ ቀኖና አላስፈለገውም።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነገር ከዚህ ትንሽ ይለያል። የተለመደውን ሦስት መርፌ ከጨረሱ ጤነኛ ጐልማሶች መካከል ከአምስት እስከ ዐሥር በመቶ የሚሆኑት በቂ መልስ አያሳዩም፤ በቂ የሚባለውም በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ ዐሥር ሚሊ ዩኒት ፀረ እንግዳ አካል ሲገኝ ነው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ውፍረት የበዛበት፣ ትንባሆ የሚያጤስ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ወገን የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ከኤች ኤል ኤ ዐይነቶችም አንዳንዶቹ ከመልስ ማጣት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ሐኪሞች ግን ዘረ መሉን ከማንበብ ይልቅ ቀላሉን መንገድ መረጡ፤ ደም የሚነካ ሥራ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ደሙ ይለካል፤ ልኩ ካልደረሰ እንደ ገና ይከተባል። በዚህ ላይ መልስን የሚያበረታ ንጥረ ነገር የተጨመረበት፣ ሄፕሊሳቭ ቢ የተባለ ክትባት በ2017 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከ18 እስከ 55 ዓመት ባሉ ሰዎች በተደረገው ፈተና አዲሱ በሁለት መርፌ ከመቶው 95ቱን ከልኩ ሲያደርስ፣ የቀድሞው በሦስት መርፌ 81ዱን ብቻ አድርሷል። በአገራችን ሕፃናት ከ2007 ጀምሮ ይህን ክትባት ከሌሎች አራት ጋር በአንድ መርፌ ይወስዳሉ፤ የሕፃን ሰውነት ለዚህ ክትባት የሚሰጠው መልስ ብርቱ ስለ ሆነ ችግሩ በእነርሱ ላይ እምብዛም አይታይም።

ክትባቱ ስለሚጐዳቸው ወገኖች ለመናገር ከቢጫ ወባ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ነገሩ ቅርብ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ሸለቆ፣ የወረደው የቢጫ ወባ መቅሠፍት 30,000 ያህል ሰዎች እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በአፍሪቃ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ የሚከፋው ያ ነው። መከላከያው ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ በደቡብ አፍሪቃ የተወለደው ማክስ ታይለር በኒው ዮርክ፣ በሮክፌለር ድርጅት ላቦራቶሪ፣ በ1930ዎቹ ያለዘበው 17ዲ የሚባል ሕያው ቫይረስ በ1951 የኖቤልን ሽልማት አሰጥቶታል። አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አስታውቋል፤ ይህን ያህል የተመሰከረለት ክትባት ጥቂት ነው።

ነገር ግን በ2001፣ ከተከተቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ የለዘበው ቫይረስ በጕበታቸውና በሌላው የውስጥ አካላቸው ተራብቶ፣ ልክ ቢጫ ወባ እንደ ያዛቸው ሆነው የሞቱ ሰዎች ነገር በሕክምና መጽሔት ወጣ። ይህ ጕዳት የሚደርሰው ከመቶ ሺህ ተከታቢ አንድ በማይሞላው ላይ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ በሆኑት ግን ከፍ ይላል። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 23 ሕመምተኞች አራቱ ታይመስ የሚባለው፣ ከደረት አጥንት በስተኋላ የሚገኘው እጢ ታሞባቸው የነበሩ ሆኑ፤ ከነጭ የደም ሕዋሳት ከፊሎቹ የሚበስሉት በዚህ እጢ ውስጥ ነውና፣ ሕመሙም በሕዝብ መካከል እጅግ ብርቅ ሆኖ ሳለ በሃያ ሦስት ሰዎች መካከል አራት ጊዜ መገኘቱ እንዲያው የሚታለፍ አልነበረም። ምሥጢሩ ይበልጥ የተገለጠው በ2021 ነው። ከሐኪሙ ከዣን ሎራን ካዛኖቫ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከክትባቱ በኋላ ብርቱ ጕዳት ከደረሰባቸው ስምንት ሰዎች በሦስቱ ደም ውስጥ፣ ኢንተርፌሮን የሚባለውን፣ ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት በመጀመሪያ የሚያመነጨውን መከላከያ የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፤ ማለት የእነዚህ ሰዎች ሥጋ የገዛ ራሱን መከላከያ ያፈርስ ነበር።

ይህን የሚያመክን አካል ለማግኘት የተሟላ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ የታይመስ ሕመም መኖሩን ለማወቅ ግን ከታቢው ተጓዡን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃዋል፤ ዛሬም የዚህ እጢ ሕመም ያለበት ሰው የቢጫ ወባ ክትባት እንዳይወስድ ይከለከላል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚመጠን ክትባት ሲባሉ የዘረ መል ንባብ ብቻ በዐይናቸው ለሚመጣባቸው ወዳጆቼ ይህን ምሳሌ ሳላነሣ አላልፍም፤ ጥያቄው ምንም ገንዘብ አይፈጅምና። በዚያው ክትባት ላይ በአትላንታ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ባሊ ፑሌንድራንና ባልደረቦቹ በ2009 ሌላ ነገር አሳይተዋል፤ ተከታቢው ከተከተበ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በደሙ ሕዋሳት ውስጥ የትኞቹ ዘረ መሎች እንደ ነቁ በመመልከት፣ ከሳምንታት በኋላ መልሱ ብርቱ ወይም ደካማ እንደሚሆን አስቀድመው ለመናገር ቻሉ። ጥናቱ አዲስ መንገድ የከፈተ ነው፤ ዳሩ ግን ትንቢቱ የሚመጣው መርፌው ከተወጋ በኋላ ስለ ሆነ፣ እገሌ አይከተብ ወይም እጥፍ ይሰጠው ብሎ ለመወሰን አያገለግልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በ2009 አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ዐይነት ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ በአውሮፓ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፓንደምሪክስ የተባለውን ክትባት ተከተቡ። በ2010 ከስዊድንና ከፊንላንድ ያልታሰበ ወሬ ተሰማ፤ ከተከተቡት ልጆችና ወጣቶች አንዳንዶቹ ናርኮሌፕሲ በሚባል በሽታ ተያዙ። ይህ በሽታ ሰውን ነቅቶ የሚያቆየውን፣ ሃይፖክሬቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጐል ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነው፤ ሕመምተኛው በትምህርት ገበታው፣ በማዕድ፣ በጨዋታ መካከል እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲስቅም ጕልበቱ በድንገት ይከዳዋል፤ የጠፉት ሕዋሳትም አይመለሱም። ሕመምተኞቹ ሲመረመሩ፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን፣ ዲ ኪው ቢ 1 06፡02 የሚባል አንድ የኤች ኤል ኤ ዐይነት የሚሸከሙ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ የዘረ መል ቀኖና የሚጠበቅበት ስፍራ ይህ ነው የሚል አይጠፋም፤ በሽታው ታውቋል፣ ምልክቱ ታውቋል፣ ምልክቱ ያለበትን ለይቶ ከክትባቱ ማራቅ ብቻ ይቀራል። ስሌቱን ግን በትዕግሥት እንመልከተው። በሰሜን አውሮፓ ይህን ምልክት የሚሸከመው ሕዝብ ከአራት አንድ ያህል ነው። በፊንላንድ ከ4 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ተከታቢዎች ከ16,000 አንዱ ያህል በክትባቱ ምክንያት እንደ ታመመ ተገምቷል። ስለዚህ 16,000 ልጆች ደማቸው ቢመረመር 4,000 ያህሉ ምልክቱ ይገኝባቸዋል፤ ከአራቱ ሺህ የሚታመመው አንድ ነው፤ ያንን አንዱን ለማዳን 3,999 ልጆች ወረርሽኙ እየተዛመተ ሳለ ያለ ክትባት ሊቀሩ ነው፤ ከእነዚያም መካከል በኢንፍሉዌንዛው የሚሞት ሊኖር ይችላል። ሌላም የሚያውክ ነገር አለ፤ ክትባቱ እምብዛም ባልተዳረሰባት በቻይና ከወረርሽኙ በኋላ የናርኮሌፕሲ ሕመምተኞች ቍጥር ከፍ ብሎ ስለ ታየ፣ ቫይረሱ ራሱ ምልክቱ ያለባቸውን እንደሚጐዳ ይጠረጠራል፤ ከመርፌው ያመለጠው ልጅ ከጕዳቱ አመለጠ ማለት ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ልጆቹን በመለየት ፈንታ ክትባቱን መተው ተመረጠ፤ ሌሎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች ስለ ነበሩ ፓንደምሪክስ ከአገልግሎት ወጣ። የዘረ መሉ ግኝት የጠቀመው የበሽታውን መንገድ ለመረዳት ነው፤ ይህም የሚናቅ ጥቅም አይደለም፤ የሚቀጥለውን ክትባት የሚያበጀው ሊቅ ከወዴት መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቅበታልና። ነገር ግን ለግል ሰው ስለሚመጠን ክትባት የሚነገረው ብዙ ተስፋ የሚሰናከለው በዚሁ ስሌት ይመስለኛል፤ ጕዳቱ እጅግ ብርቅ፣ ምልክቱ እጅግ የተስፋፋ ሲሆን፣ ምልክቱን ማወቅ ስለ አንዱ ሰው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ስሌቱ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። የዴንጊ ትኩሳት አራት ዐይነት ቫይረሶች አሉት፤ ሰው ከመጀመሪያው ሕመም ሲድን የሚቀርለት ፀረ እንግዳ አካል፣ ሌላው ዐይነት በሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ቫይረሱን በመግታት ፈንታ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚረዳበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ዴንግቫክሲያ የተባለው ክትባት ዴንጊ ታሞ ለማያውቅ ሰው የዚያን የመጀመሪያ ሕመም ስፍራ ይዞ ተገኘ። ይህ ተለይቶ ከመታወቁ በፊት ግን በፊሊፒንስ በ2016 በተጀመረው ዘመቻ ከ800,000 የሚበልጡ ልጆች ተከትበው ነበር። በ2017 መጨረሻ አምራቹ ሳኖፊ ነገሩን ሲያስታውቅ በአገሪቱ የተነሣው ቍጣና ፍርሃት ሌሎቹን ክትባቶች ሳይቀር አስጠላ፤ በ2019 በዚያች አገር ለተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ፍርሃት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ከመከተብ በፊት ደም ተመርምሮ፣ ቀድሞ ዴንጊ የያዛቸው ሰዎች ብቻ እንዲከተቡ የሚያደርገው መንገድ እንዲመረጥ መከረ። እዚህ የአንዲት ጠብታ ደም ምርመራ ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጐዳ በእርግጥ ይለያል፤ የሚመረመረውም የሰውየው ዘር ሳይሆን የኖረው ኑሮ ነው። ሆኖም ምርመራውን በየመንደሩ ማዳረስ ቀላል አልሆነም፤ ኋላም አምራቹ ፈላጊ አነሰ ብሎ ክትባቱን ማምረት ተወ።

በድሀ አገር ደግሞ ልዩነቱ ከሰውየው ይልቅ ከሚኖርበት ቤት የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕፃናትን በብርቱ የሚያስቀምጠውን ሮታ ቫይረስን የሚከላከለው፣ በአፍ የሚሰጠው ክትባት፣ በ2010 በታተመው ጥናት ከባዱን ተቅማጥ በደቡብ አፍሪቃ 77 በመቶ ያህል ሲከላከል በማላዊ 49 በመቶ ብቻ ተከላከለ፤ በአውሮፓ ግን ከ90 በመቶ በላይ ይከላከላል። ከፊሉን ልዩነት ዘረ መል ይተረጕመዋል፤ ኤፍ ዩ ቲ 2 የሚባለው ዘረ መል የማይሠራባቸው ሕፃናት በአንጀታቸው ግድግዳ ላይ ቫይረሱ የሚይዘው ስኳር ስለሌለ፣ የክትባቱም የለዘበ ቫይረስ እንደ ልብ አይራባባቸውም። የቀረው ግን ሕፃኑ ከእናቱ የሚያገኘው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሌሎች የአንጀት ተሕዋስያን፣ ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ዘወትር የሚቈጣ አንጀት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ደካማ ክትባት ለድሀ አገር ምን ይረባል እንዳይል፣ በዚያው ጥናት የተገኘውን ሌላ ቍጥር ልጨምር፤ ከተከተቡት መቶ ሕፃናት በማላዊ 6.7፣ በደቡብ አፍሪቃ 4.2 የከባድ ተቅማጥ ሕመም ቀርቷል፤ በሽታው በሚበዛበት ስፍራ ግማሹን ብቻ የሚከላከለው ክትባት ይበልጥ አተረፈ። ኢትዮጵያም ክትባቱን በ2013 ጀምራለች። ደግሞም የዘረ መሉ ጥናት በብዛት የተደረገው በአውሮፓውያን ደም ላይ ሲሆን፣ የዘረ መል ልዩነት እጅግ የሚበዛው በአፍሪቃ ስለ ሆነ፣ በሚኒሶታ የተሠራው ሠንጠረዥ ለጎንደርና ለጅማ ሰው እንዳለ ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

እስከ ዛሬ በሥራ የጸናው ምጠና በወገን በወገን የሚደረገው ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች በ2009 በአሜሪካ የተፈቀደው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከእያንዳንዱ ዐይነት 60 ማይክሮ ግራም፣ ማለት ከተለመደው አራት እጥፍ የያዘ ሲሆን፣ በ2014 በታተመው ፈተና ከተለመደው 24 በመቶ ያህል አብልጦ ተከላክሏል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያውን ሲወስዱ የመርፌው ቍጥር ይጨመርላቸዋል። በብሪታንያ በ2021 የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት ብርቅ የሆነ የደም መርጋት እንደሚያስከትል ሲታወቅ፣ ሹማምንቱ በየዕድሜው በበሽታው የሚመጣውን አደጋና በክትባቱ የሚመጣውን አደጋ አመዛዝነው፣ በመጀመሪያ ከ30 ዓመት በታች ለሆኑት፣ በወሩ ደግሞ ከ40 በታች ለሆኑት ሌላ ክትባት እንዲሰጥ መከሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው በጾታ መመጠን ነበር። በ2004 በአሜሪካ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እጥረት በሆነ ጊዜ፣ በዋሽንግተን በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሬናታ ኤንግለርና ባልደረቦቿ ከ1,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች፣ ለከፊሎቹ ሙሉውን፣ ለከፊሎቹ ግማሹን መጠን ሰጡ፤ በ2008 ባሳተሙትም ጥናት ግማሹን የወሰዱት ሴቶች ያሳዩት መልስ ሙሉውን የወሰዱት ወንዶች ካሳዩት ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። በመርፌው ስፍራ የሚሰማው ሕመምና እብጠት በሴቶች እንደሚበዛም ከብዙ ጥናት የታወቀ ነው፤ ሴትን ከወንድ ለመለየት ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ነገር ግን የፀረ እንግዳ አካል ልክ መተካከል ከበሽታው እኩል መጠበቅን በራሱ አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ፈተና ብዙ ሺህ ሰዎችንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ክትባቱም በብዛት ከፋብሪካ የሚወጣው ተሰፍሮ በተሞላ መርፌ ነው። የሴቷና የወንዱ መጠን እስከ ዛሬ አንድ ነው።